አራት ወር የቀረው ፓስፖርት

ወይዘሮ ዶሚቲላ አሬዶንዶ የሞቱት ፓስፖርታቸው ፍተሻውን ካለፈላቸው በኋላ ነው። የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። መስኮቱን ያለ ችግር አልፈው፣ የመሳፈሪያ ካርዳቸውን ተቀብለው፣ በደሴታችን በጋልቬስተን ወደብ የመንገደኞች አዳራሽ ካሉት ሰማያዊ ወንበሮች በአንዱ ላይ እንደተቀመጡ፣ የገለባ ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ አረፉ። ከመስታወቱ ማዶ መርከቡ እንደ ትልቅ ፎቅ ቆሟል። መንገደኛው ልጆቹን እየጠራ፣ ትከሻው ላይ የፀሐይ ቅባት እየተቀባ በአጠገባቸው ያልፋል። የተኙ የመሰለው ብዙ ነው።

የወደቡ ፖሊስ መርማሪ ኢሞጂን ፎንትኖ የተጠራችው ግን ለሞቱ አይደለም። በእኛ ደሴት ሽማግሌ መንገደኛ ወደብ ላይ ቢያርፍ ማንም ፖሊስ አይጠራም፤ ግማሹ ተሳፋሪ ጡረተኛ ነው። የተጠራችው ለጩኸቱ ነው።

«ገደሏት! ይኼ ሰውዬ ነው የገደላት! ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ያዙልኝ እንጂ!»

የሚጮኹት አብረው ሊሳፈሩ የመጡት የሟቿ ጎረቤት ወይዘሮ ቾና ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁመታቸው ከሻንጣቸው ብዙም የማይበልጥ ሴት ናቸው፤ ድምጻቸው ግን አዳራሹን ሞልቶታል። በከዘራቸው የሚጠቁሙት የሟቿን አማች ዱዌንን ነው። ዱዌን የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ በቁመትም በወርድም ሁለት ሰው ያክላል። አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሚስቱ ኦራሊያ፣ የሟቿ አንዲት ሴት ልጅ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የእናቷን ጫማ በሁለት እጇ ይዛለች።

ፎንትኖ ሃምሳዎቹን የጀመረች፣ ዝግ ያለች ሴት ናት። ሰው ሲያናግራት ከአፉ ይልቅ እጁን ነው የምታየው። መጀመሪያ ሟቿ ፊት ተንበረከከች። አንገታቸው ላይ በክር የተንጠለጠለች ቀይ ከረጢት አለች። ዳሰሰቻት፤ ባዶ ናት።

«ልብ ነው» አለ የአምቡላንሱ ሐኪም ዝቅ ባለ ድምጽ። «ከምላስ ሥር የሚነፋ መድኃኒት ነበራቸው። ልጅቷ ላመጣ ብላ ወደ መኪና ሮጣ ነበር። ስትመለስ አርፈው ነበር። ከረጢቷ ውስጥ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ተወው።

ፎንትኖ ወይዘሮ ቾናን ወደ ጥግ ወሰደቻቸው።

«ይቀመጡ፣ እማማ።»

«አልቀመጥም! አንቺ ደግሞ እውነት ፖሊስ ነሽ? ሽጉጥሽ የታለ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ባወጣው ሰው ይደነግጣል ብዬ ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ፤ አታውጪው» አሉና ተቀመጡ። ስልካቸውን ጨብጠዋል፤ ስልኩ ደግሞ ዕረፍት የለውም፣ ይጮኻል። «ለቄሱ ነግሬአለሁ። ለእኅቷ ልጅ ነግሬአለሁ። የማኅበራችን ሴቶች በሙሉ እየመጡ ነው። ይኼ ጉድ ተሸፋፍኖ አይቀርም!»

«አማችየው ለምን ይገድላቸዋል?»

«ለቤቷ ነዋ! ለባሕር ቅርብ ነው፣ ሀብታም ይጎመጀዋል። ሁለቴ ሰው አምጥቶ ሲያስለካ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ መድኃኒት ደግሞ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ገላዋን ስትታጠብ እንኳ በሩ እጀታ ላይ ነው የምትሰቅለው። ዛሬ ማን አወጣው? በይ ንገሪኝ!»

«ጉዞው ወዴት ነበር?»

«ኮዙሜል፣ ባሕሩን ተሻግሮ ሌላ አገር። ልጇ ኤሊሴዮ ዘንድ። ከዚህ አገር ካባረሩት አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ልቧን ኦፕራሲዮን ከተደረገች በኋላ ሐኪሙ አውሮፕላን ከለከላት፤ በመርከብ ትችያለሽ፣ ሐኪም አለበት አላት። እነዚህ ግን ስንቴ አስተላለፉባት! አንዴ ማዕበል ነው፣ አንዴ ሥራ በዛ፣ አንዴ ሙቀቱ አይቻልም። ሦስት ጊዜ! የእናት ሆድ እንዴት እንደሚንሰፈሰፍ ማን…» ብለው አቆሙ። ከዚያ በኋላ ስለ ኤሊሴዮ ስትጠይቃቸው ከዘራቸውን ብቻ ማየት ጀመሩ። ያ ሁሉ ወሬ ደረቀ።

ዱዌን ቡና መሸጫው አጠገብ ቆሞ ስልክ እየዘጋ ነበር።

«ለአለቃዬ ነው» አለ ሳትጠይቀው። «ለእናቴም ነግሬአለሁ። የቀብር ድርጅቱም ሰው እልካለሁ ብሏል። ሌላ ምን እንደሚደረግ አላውቅም።»

«ቤቱን ሊሸጡት ነው ይባላል።»

«እውነት ነው፣ ይሸጥ ብያለሁ። ማዕበል በመጣ ቁጥር ውኃ ይገባበታል። እኛ ዘንድ ይግቡ ነበር ያልኩት። እትዬ ቾና ጎረቤቷን የምወስድባት መስሏት ጠመደችኝ።» ፊቱን በእጁ ጠረገ። «ትጩህብኝ። እኔ ላይ ብትጮህ ይሻላል።»

«ከማን ላይ?»

ዱዌን ወደ ሚስቱ አየ። ፎንትኖ ያንን እይታ ያዘች።

«መኪናችሁ የት ነው ያለው?»

«እዚሁ ፊት ለፊት።»

እዚህ ወደብ የሚኖር ሁሉ ያውቃል፤ የፊቱ ማቆሚያ በሰዓት የሚከፈልበት፣ ለሸኚና ለተቀባይ የተተወ ነው። ለቀናት የሚሄድ መንገደኛ ከኋላ ባለው ሰፊ ሜዳ ነው የሚያቆመው። ፎንትኖ ይህን አላነሳችበትም። አመስግናው ወደ መስኮቱ ሄደች።

ፓስፖርታቸውን ያየችላቸው ሎአን የምትባል ቀጭን ሴት ናት።

«እዚህ መስኮት ላይ ያላየሁት የለም» አለች። «ያለፈበት ፓስፖርት ይዞ መጥቶ የሚሰድበኝ አለ። ፓስፖርቱን ሻንጣው ውስጥ ከቶ ለተሸካሚ አስረክቦ፣ እኔ ፊት ቆሞ ኪሱን የሚዳብስ አለ። ሁሉም ግን አሳልፊኝ ነው የሚለኝ። አታሳልፊያት ብሎ የተጣላኝ ሰው ዛሬ ነው ያየሁት።»

«ማን ነው አታሳልፊያት ያለው?»

«ልጃቸው! 'አራት ወር ብቻ ነው የቀረው፤ ስድስት ወር ያስፈልጋል፤ ደንባችሁን አታውቁም እንዴ?' ብላ ጮኸችብኝ። እኔም በቀስታ አስረዳኋት። በአውሮፕላን ወደ ሌላ አገር ሲኬድ ብዙ አገሮች ስድስት ወር ትርፍ ይጠይቃሉ፤ ይኼ መርከብ ግን ከዚህ ተነሥቶ እዚሁ ነው የሚመለሰው። ለእኛ ዜጋ እስከሚመለስበት ቀን ከሠራ ይበቃል። እንዲያውም ፓስፖርት ባይኖራቸው በዜግነት ምስክር ወረቀታቸውና በመታወቂያቸው አሳልፋቸው ነበር። ይህን ስላት ፊቷ አመድ መሰለ። አለቃሽን ጥሪልኝ አለች። አለቃዬም መጥቶ ያንኑ ነገራት።»

«እናትየውስ?»

«እሳቸውማ ደስ አላቸው። በመስኮቱ እጃቸውን ሰድደው ጉንጬን ነኩኝ። 'ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው' አሉኝ።» ሎአን አፏን ያዘች። «ምነው ባላሳለፍኳቸው!»

ከዚያ ፎንትኖ ሻንጣዎቹን ፈለገች። ተሸካሚዎቹ ከመኪና ማውረጃው ላይ ስለሚቀበሉ ሻንጣ ከባለቤቱ ቀድሞ ነው መርከብ የሚገባው። የእነዚህ ግን ገና አልተጫኑም ነበር፤ የእናትየው ደግሞ ኤክስሬዩ ላይ ተይዞ ፍተሻ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

«ሻማና የቀለም ቆርቆሮ ይዘዋል» አላት ፈታሹ። «ሁለቱም መርከብ ላይ ክልክል ነው። አሮጊት ሴት ቀለም ምን ያደርግላቸዋል?»

ፎንትኖ ከፈተችው። የሚለበስ ጥቂት ነው፤ ሁሉም ጥቁር። ነጠላ ጫማ፣ መቁጠሪያ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ወፍራም ሻማ፣ በጣሳ ያለ ነጭ ቀለም፣ ድንጋይ የሚፈገፍጉበት ዓይነት ጠንካራ ብሩሽ። ለልጃቸው ይሆናል የምትለው አንድም ነገር፣ ሸሚዝም ጣፋጭም፣ አላገኘችም። ብሩሹን ይዛ ብዙ ቆመች። ከዚያ የኦራሊያንና የዱዌንን ሻንጣ ከፈተች። ውስጡ ሁለት ትልልቅ ፎጣና አንድ የአልጋ ትራስ ብቻ ነው።

ኦራሊያ አሁን ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እንባ የላትም። ፎንትኖ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች ኦራሊያ፣ ገና ሳትጠየቅ።

«በምን?»

«ድልድዩ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ ደረቴን ወጋኝ አለችኝ። መድኃኒቱን ነፋችና ለእኔ ሰጠችኝ። መኪናው ውስጥ የብርጭቆ ማስቀመጫው ላይ ተውኩት።»

«ረስተሽው?»

ኦራሊያ ራሷን ነቀነቀች።

«አይ። በሩን ስዘጋው አይቼዋለሁ። አይቼ ነው የዘጋሁት።»

«ለምን?»

«እሱን አትጠይቂኝ። እሰሪኝ ብቻ።»

ፎንትኖ ተነሣች። ኮሪደሩ ውስጥ ለብቻዋ ትንሽ ቆመች፤ አንድ ነገር ከብዷታል። ከዚያ ሁሉንም ፍተሻ ክፍሉ አጠገብ ወዳለች ትንሽ ክፍል እንዲመጡ አደረገች። ኦራሊያና ዱዌን ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወይዘሮ ቾና በተቃራኒው ወንበራቸውን ራቅ አድርገው ተቀመጡ። ሎአን በሩ ሥር ቆመች። የእናትየው ሻንጣ ጠረጴዛው ላይ ተዘግቶ ነበር።

«ከመኪናው ልጀምር» አለች ፎንትኖ። «መርከቡ የሚመለሰው ከአምስት ቀን በኋላ ነው። እናንተ ግን መኪናችሁን በሰዓት በሚከፈልበት ቦታ ነው ያቆማችሁት። ሻንጣችሁ ውስጥ ደግሞ ፎጣና ትራስ እንጂ የምትቀይሩት ሸሚዝ እንኳ የለም። ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ ቤት እንደምትመለሱ ታውቁ ነበር።»

«አላልኳችሁም!» ወይዘሮ ቾና ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «አስበውበት ነው! ቀድመው ዶልተው ነው!»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ እማማ ቾና። ሊገድላቸው ያሰበ ሰው ሻንጣውን አሣምሮ ነው የሚያሰናዳው። እውነተኛ መንገደኛ መምሰል አለበታ። እነዚህ ግን ሻንጣችንን የሚከፍት ሰው ይኖራል ብለው እንኳ አላሰቡም። ያሰቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስኮቱ ላይ 'አይቻልም' ይባላሉ፣ ተያይዘን ቤታችን እንገባለን። መድኃኒቱም መኪና ውስጥ የቀረው ለዚህ ነው። ወደ መኪናው ወዲያው የሚመለስ ሰው ምን አስጨነቀው?»

ኦራሊያ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጉዞውን ሦስት ጊዜ አስተላለፍሽው» አለቻት ፎንትኖ። «ማዕበልም ሙቀትም አልነበረም ምክንያቱ። የፓስፖርቱ ቀሪ ዕድሜ ከስድስት ወር በታች እስኪወርድ ነው የጠበቅሽው። ይኼንን ደንብ ከየት አገኘሽው?»

«ከራሴ» አለች ኦራሊያ። ድምጿ የመጣው ከሩቅ ነው። «ለጓደኛዬ ሠርግ ፊሊፒንስ ልሄድ ስል አየር ማረፊያው ላይ መለሱኝ። አምስት ወር ቀርቶት ነበር። አለቀስኩ፣ ለመንኩ፣ ደንብ ነው አሉኝ። ተመልሼ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ የተጣላሁት ሰው አልነበረም፤ ደንብ ነዋ። እማዬንም ደንቡ ይመልሳት አልኩ። እኔ አይሆንም ካልኳት ትቀየመኛለች፤ ለምን ትለኛለች። ደንብን ግን ለምን አይሉትም። መርከብና አውሮፕላን ደንባቸው እንደሚለያይ… እኔ ምን አውቄ!»

«አንቺ ሴት፣ እናትሽ ልጇን እንዳታይ ይህን ሁሉ?» ወይዘሮ ቾና መጮኽ ጀመሩና መሐል ላይ ድምጻቸው ወረደ። ከልባቸው እንዳልሆነ ሎአን እንኳ አወቀች።

ፎንትኖ ወደ እሳቸው ዞረች።

«እማማ ቾና፣ ከጠዋት ጀምሮ ለማን ለማን ደወሉ?»

«ለቄሱ… ለእኅቷ ልጅ… ለሴቶቹ…»

«አቶ ዱዌንስ?»

«ለአለቃዬ። ለእናቴ። ለቀብሩ።»

«እኔ ሥራዬ ሆኖ ብዙ ሞት ላይ ቆሜአለሁ» አለች ፎንትኖ። «እናት ስትሞት መጀመሪያ የሚነገረው ለልጇ ነው። ሩቅ ካለ ደግሞ ይባስ ይጣደፋል ሰው። ወይዘሮ ዶሚቲላ የሚሄዱት ልጃቸው ዘንድ ነው፤ ወደቡ ላይ ቆሞ ሊጠብቃቸው ይገባል። እናትህ አትመጣም፣ አትጠብቃት ብሎ የደወለለት ግን እስካሁን አንድም ሰው የለም። ልደውልለት ያለም የለም። እኅቱም፣ የእኅቱ ባልም፣ እርስዎም።»

ዱዌን የሚስቱን እጅ ያዘ።

«ለሞተ ሰው አይደወልም» አለች ፎንትኖ። «አዝናለሁ፣ ኦራሊያ። ወንድምሽ መቼ ነው ያረፈው?»

«ሁለት ዓመት ሆነው» አለ ዱዌን። «ሞተር ብስክሌት ላይ። ልክ እማማ ልባቸውን ተቀድደው በተኙበት ሳምንት። ሐኪሙ አንድ ድንጋጤ ይበቃቸዋል አለን። ትንሽ ይጠንክሩና እንነግራቸዋለን አልን። አንድ ሳምንት አልን፤ አንድ ወር አልን። እሳቸው ደግሞ 'ልጄ ምነው ጠፋ?' ይላሉ። ኦራሊያ አንድ ቀን በእሱ ስም መልእክት ላከችላቸው። ሲያነቡት እንዴት እንደሳቁ… ከዚያ ማቆም አቃታት። የእሱን ስልክ ቁጥር በራሷ ስም አስወጣች። ሁልጊዜ ማታ ማታ ልጅየውን ሆና ትጽፋለች። ወንድሟን ያልቀበረች፣ ያላለቀሰች ሰው፣ ወንድሟን ሆና ቀልድ ትጽፋለች! ታዲያ የኮዙሜል ወደብ ላይ ማንን ታቁምላቸው?»

ምን ይባላል እንግዲህ? መርዶ አለመንገር እንደ ብድር ነው፤ ሲቆይ ወለዱ ይበዛል። ሰው ግን ይህንን የሚያውቀው ከገባበት በኋላ ነው። ኦራሊያን ለመውቀስ አፉን የሚከፍት ካለ መጀመሪያ የታመመች እናቱ አልጋ ሥር ይቀመጥ።

«ይኼን እሳቸው እንዳይሰሙ ነው የሮጥሽው» አለች ፎንትኖ ቀስ ብላ። «ገባኝ። ግን አላለቀም። እማማ ቾና፣ እርስዎም አልደወሉም። እርስዎስ በምን አወቁ?»

ወይዘሮ ቾና ከዘራቸውን ለቀቁት፤ ወለሉ ላይ ወደቀ። ማንም አላነሣላቸውም።

ፎንትኖ የእናትየውን ሻንጣ ከፈተች። ጥቁሩን ቀሚስ፣ ሻማውን፣ የቀለሙን ጣሳ፣ ብሩሹን አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ቀለሙ…» አለ ዱዌን ግራ ተጋብቶ። «ለኤሊሴዮ ቤት ነው? ቤት ሊቀቡለት?»

«ቤት በዚህች ጣሳ አይቀባም፣ አቶ ዱዌን። በኅዳር መግቢያ፣ በሙታን መታሰቢያ ቀን፣ መቃብራችን ላይ የእማማ ቾናን ማኅበር ሴቶች ስንቴ አይቻቸዋለሁ። የመቃብሩን ድንጋይ በብሩሽ ይፈገፍጉታል፤ መስቀሉን ነጭ ይቀቡታል፤ ሻማ ያበሩለታል። ሴትየዋ ልጃቸውን ሊያቅፉ አልነበረም የሚሄዱት። መቃብሩን ሊያጸዱ ነው።»

ኦራሊያ ዘልላ ተነሣች።

«አታውቅም! ትናንት እንኳ መልእክት ጽፋለታለች! 'እኅትህ ከስታለች፤ ምሳዋን በወጉ እንድትበላ ንገራት' ብላ ጽፋለታለች! አታውቅም እኮ!»

«ለአንቺ ነው የጻፈችው፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ቾና።

አሁን የሚናገሩት ሌላ ሴትዮ ይመስሉ ነበር። ያ ሁሉ ጩኸት የት እንደገባ እንጃ።

«ከልደት በዓል በኋላ፣ ለሦስቱ ነገሥታት፣ ለሰብአ ሰገል ቀን እናትሽ ቤት የበዓሉን ዳቦ ልንቆርስ ስንል በቤቷ ስልክ ተደወለ። ከኤሊሴዮ ጋር ትኖር የነበረችው ሴት ናት፤ ኑቢያ። የመቃብሩ መስቀል እየተላላጠ ነው፣ የሚያድሰው ሰው የለም ብላ ነው የደወለችው። እናትሽ ስልኩን እንደያዘች ቆመች፣ ቆመች። እኔ ወደቀች ብዬ ወንበር አመጣሁ። አልወደቀችም። 'ቾና፣ ኦራሊያ እንዳትሰማ' አለችኝ። በመስቀል አስማለችኝ።»

«ለምን?» አለች ኦራሊያ። «ለምን አልነገረችኝም?»

«እኔም እሱኑ አልኳት! 'ልቤን እየጠበቀችልኝ ነው፤ እንዳወቅሁ ካወቀች ሁለት ዓመት የደከመችበት ሁሉ ከንቱ ይሆንባታል' አለችኝ። መልእክትሽ ሲመጣ መነጽሯን ታጠልቃለች። 'ልመልስላት፣ ትጠብቀኛለች' ትላለች። ለልጇ አይደለም እኮ፣ ለአንቺ! ለእኅትህ እንዲህ በላት፣ ለእኅትህ እንዲህ በላት የምትለው ሁሉ ለአንቺ ነበር። በአፏ ልትነግርሽ ያልቻለችውን በእሱ በኩል ትልክልሽ ነበር።»

ኦራሊያ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ታዲያ ጉዞው…»

«ጉዞው ለእሷ መስሎሻል? 'ኦራሊያ ወንድሟን አላለቀሰችውም' አለችኝ። 'እኔን ስትጠብቅ እንባዋን ዋጠችው፤ ልጄ ውስጧ ድንጋይ ሆኗል። መርከቡ ላይ፣ መሬት ከጠፋ በኋላ፣ ማንም በማያውቀን ቦታ እነግራታለሁ። ከዚያ አብረን መቃብሩ ላይ እናለቅሳለን። ሳላስለቅሳት ብሞት ዕዳዋ በኔ ነው' አለችኝ። ለዚያ ነው እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ ያለችው። ለዚያ ነው ዛሬ ስታልፍ እንደዚያ ደስ ያላት። አንቺን ልታሳርፍ ነበር።» ወይዘሮ ቾና ደረታቸውን መቱ። «እኔም ምላሴን ብቆርጠው ምናለ! አንድ ቀን ብነግርሽ ኖሮ ያንን መድኃኒት ይዘሽው ትወርጂ ነበር። መሐላ አልኩ። ምን ያደርጋል መሐላ!»

ከዚያ ወደ ዱዌን ተመለከቱ። «አንተንም ሰደብኩህ። በማን ላይ እንደምጮኽ ጠፍቶኝ ነው።»

«ምንም አይደለም፣ እትዬ ቾና» አለ ዱዌን፣ እና እሱ ነው መጀመሪያ ያለቀሰው።

ኦራሊያ መርማሪዋን አየቻት። «ታስሪኛለሽ?»

«አልችልም» አለች ፎንትኖ። «ሕጉ በዚህ ሰው አይከስም። መዝገቡ ላይ የምጽፈው ልባቸው ቆመ ብዬ ነው፤ እውነትም እሱ ነው። ያንቺ ጥፋት አይደለም ብዬ ልዋሽሽ አልችልም፤ መድኃኒቱን ትተሽው ወርደሻል። ግን ገዳይ ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ያገኘሁት አንዱ ሌላውን ከሐዘን ሊከልል የሚሯሯጥ ቤተሰብ ነው። ሁላችሁም አንድ ሞት ይዛችሁ ነበር። ሁላችሁም ለየብቻ።»

ከውጭ ተሳፋሪው በሰልፍ ወደ መርከቡ ሲገባ ይሰማል፤ አንድ ሕፃን ባሕሩን አይቶ ይጮኻል። ኦራሊያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብሩሽ አንሥታ ጥርሶቹን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ሎአንን አየቻት። ስትናገር እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነበር የምትመስለው።

«እሷን እሱ ዘንድ ልወስዳት ብፈልግ… አጠገቡ ልቀብራት። ፓስፖርቷ አራት ወር ብቻ ነው የቀረው። ይፈቀዳል?»

ሎአን ቀርባ ከፊቷ ተንበረከከች።

«ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል፣ እኔ አሟላልሻለሁ» አለቻት። «ፓስፖርት ግን ከእንግዲህ ማንም አይጠይቃቸውም።»

ኦራሊያ ብሩሹን ደረቷ ላይ አስጠጋች። ከዚያ ከሆዷ የሆነ ድምጽ ወጣ፤ መጀመሪያ የጠራችው እናቷን አልነበረም። «ኤሊሴዮ!» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ጮክ ብላ ያልጠራችውን ስም ደጋግማ ጠራችው፤ ቀጥላ «እማዬ!» አለች፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስሞች ተቀላቀሉባት። ወይዘሮ ቾና ከወንበራቸው ወርደው ወለሉ ላይ አብረዋት ተቀመጡ፤ ራሷን ደረታቸው ላይ አስደግፈው «አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺላቸው» አሏት። ፎንትኖ ሰው እንዳይገባባቸው ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።